የሚሸከሙት ቤት፦ ቀላል ድንኳንና ሸራ ለመንገደኛም ለቤተሰብም እንዴት ይመረጣል?



ወሩ ሚያዝያ ነበር። በእኛ በላንቴ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ከዒሻ ሶላት በኋላ የጀመረው ዝናብ እኩለ ሌሊትም ሆኖ አላባራም። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው ውኃ ከቦዩ ወጥቶ ወደ ሙዝ ማሳው፣ ከማሳውም ወደ ግቢያችን ገባ። ከቤት የወጣነው ስድስት ነበርን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እኔ። ከፍ ወዳለው ቦታ ስንሸሽ በእጄ የያዝኩት አንድ ሰማያዊ ሸራና አንድ የላም ገመድ ብቻ ነበር።

ሸራ ስለያዝኩ ራሴን እንደ ብልህ ሰው ቆጥሬ ነበር። በጨለማው ውስጥ ገመዱን ያገኘሁት ግንድ ላይ አሰርኩና ቤተሰቤን ከሥሩ አስቀመጥኩ። ግንዱ የሙዝ ግንድ ነበር። ሸራው መሐሉ ላይ ውኃ አቆረ፤ እየከበደም ሄደ፤ በመጨረሻ የሙዝ ግንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ከነሸራው ወደቀብን። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ትንሿ ልጄ በእናቷ እርጥብ ጋቢ ተጠቅልላ እስከ ፈጅር ድረስ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጎሕ ሲቀድ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትማርና ስታስተምር ሸራ መወጠርን ማንም አላሳየህም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በመድረሳ ስለ መንገደኛ አዳብ ቀርቻለሁ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ማዕዘንና ስለ ክብደት ተምሬያለሁ። ሁለቱን እውቀቶች ግን በአንዲት ሸራ ላይ አገናኝቼ አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያች ሌሊት ጥያቄ መልስ ነው። በእረፍት ቀናት ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ተራራ ለሚወጡ ወጣቶችም፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር በቤታቸው ለማስቀመጥ ለሚያስቡ ወላጆችም ይጠቅማል የሚል ተስፋ አለኝ።

ተንቀሳቃሽ ቤት ለአገራችን እንግዳ አይደለም

ድንኳን ሲባል ብዙ ወጣቶች ከውጭ አገር የመጣ የቱሪስት ዕቃ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ከላንቴ ቀና ብለን የምናየው የጋሞ ደጋ የዶርዜ ሕዝብ መኖሪያ ነው። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራ ነው። ምስጥ የታችኛውን ጫፍ እየበላው ሲሄድ ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ባለቤቱ ቦታ መለወጥ ሲፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ይወስድለታል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ደግሞ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ወገኖቻችን ቤት አለ። አጽሙ ጎብጠው የተተከሉ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ልብሱ ደግሞ ከዘምባባ ቅጠልና ከልዩ ልዩ ጭረት የተሠሩ ሰሌኖች ናቸው። ቤቱን የሚሠሩትም፣ የሚያፈርሱትም፣ በግመል ላይ የሚጭኑትም ሴቶች ናቸው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው ጉልላት ቅርጽ ያለው ድንኳን በሐሳቡ ከዚህ አይለይም፤ እንጨቱ በአሉሚኒየም፣ ሰሌኑም በናይሎን ተተካ እንጂ። በሱረቱ አን-ነሕል 80ኛው አንቀጽ ላይም ከእንስሳት ቆዳ የሚሠሩና ለተጓዥ የሚቀልሉ ቤቶች ከአላህ ጸጋዎች መካከል ተቆጥረዋል። ቀላልነታቸው ተለይቶ መነሳቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። መንገደኛ ሊሸከመው የማይችለው ቤት ቤቱ አይደለምና።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ገበያ ከመውጣታችን በፊት ልንመልሰው የሚገባን ጥያቄ «የትኛው ድንኳን ያምራል?» የሚለው ሳይሆን «የት ነው የማድረው? ከምንስ ነው የምጠለለው?» የሚለው ነው።

የእኛው አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ቀን ጉዞ ከሙዝ አገር ወደ እንሰትና ቀርከሃ አገር ይወጣል። በቆላው ሌሊት ጠላታችን ሙቀት፣ ድንገተኛ ዝናብና የወባ ትንኝ ነው። በደጋው ሌሊት ጠላታችን ብርድ፣ ነፋስና ጉም ነው።

በመሆኑም ለቆላ ነፋስ የሚያስገባ ከፍ ብሎ የተወጠረ ሸራና ከሥሩ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይበቃል፤ ከተዘጋ ድንኳንም ይሻላል። ለደጋ ግን ወለልና በር ያለው፣ ዙሪያውን የተዘጋ ድንኳን ያስፈልጋል። በደጋ ሸራ ብቻ ይዞ የሚያድር ሰው በጎን በኩል በሚገባው ነፋስና ጉም ይመታል። በላንቴ ደግሞ አጎበር ሳይኖረው በሸራ ሥር የሚያድር ሰው ከዝናቡ ቢያመልጥም ከወባ አያመልጥም።

ክብደት፦ በጀርባ ላይ የሚነበብ ሒሳብ

ለብዙ ሰዓት በእግር የሚጓዝ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሸክሙ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ መልካም ነው ይባላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 12 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ለአንድ ቀን 4 ሊትር ውኃ ቢይዝ 4 ኪሎ ሄደ። ምግብ፣ ልብስና ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ለድንኳን የሚቀረው ከ2 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። 5 ኪሎ የሚመዝን ድንኳን በሱቅ ውስጥ በእጅ ሲያነሱት ቀላል ይመስላል፤ የጨንቻን ዳገት ሲወጡ ግን እውነተኛ ክብደቱ ይታወቃል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የሚሄዱ ወጣቶች አንድ ድንኳን ይዘው ክፍሎቹን ይከፋፈሉ፤ አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ምሰሶውንና ካስማውን፣ ሦስተኛው ምግብ ማብሰያውን ይያዝ። በዚህ ዓይነት 4 ኪሎ የነበረው ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ይሆናል። በድንኳን ላይ «ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚጻፈው ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚተኙበት ስፋት ብቻ እንጂ ለሻንጣ ቦታ የለውም። ለሁለት ሰውና ለዕቃቸው ባለ ሦስት ሰው የተባለውን መምረጥ ይሻላል።

ድንኳን ሲገዛ ምን ይታያል?

አንደኛ፣ የሽፋኑ ብዛት ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው በትንፋሹና በላቡ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ያወጣል። ባለ አንድ ሽፋን በሆነ ድንኳን ውስጥ ይህ እርጥበት ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ሰዎችም ድንኳኑ የቀደደ ይመስላቸዋል። ባለ ሁለት ሽፋኑ ግን ውስጠኛው ጨርቅ አየር የሚያሳልፍ፣ ውጪኛው ዝናብ የሚከላከል በመሆኑ በመካከላቸው አየር ይዘዋወራል። ለደጋ ብርድ ይኼኛው ተመራጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ጨርቁ ውኃ የመቋቋም ኃይሉ ነው። በብዙ ድንኳኖች ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ይጻፋል። ትርጉሙ ጨርቁ ሳያስገባ ሊሸከመው የሚችለው የውኃ ዓምድ ቁመት ነው። ለጣሪያ 1,500 ዝቅተኛው ልክ ሲሆን፣ ወለሉ ግን በሰው ክብደት ስለሚጫን ከ3,000 ባያንስ ጥሩ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበትን ዕቃ፣ በተለይ ከሰልባጅ ገበያ የተገኘውን፣ ራስዎ መፈተን ይችላሉ። ጨርቁን በሳህን ላይ ዘርግተው ውኃ ያፍስሱበትና ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያም ሥሩን በእጅዎ ይዳብሱ።

ሦስተኛ፣ ስፌቱ ነው። መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በውስጥ በኩል ስፌቱ በስስ የላስቲክ ጥብጣብ መሸፈኑን ይመልከቱ። ጥብጣቡ የተላጠ ከሆነ ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዝናብ ያስገባል።

አራተኛ፣ የጨርቁ ዓይነት ነው። ናይሎን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይለጠጣል። ስለዚህ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ወጥቶ ገመዶቹን እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። ፖሊስተር ሲረጥብ ብዙም አይለጠጥም፤ የፀሐይ ቃጠሎንም በተሻለ ይቋቋማል። የጥጥ ሸራ ድንኳን ለረጅም ጊዜ ሰፈራ ይመቻል እንጂ ክብደቱ ለእግረኛ አይሆንም፤ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል።

አምስተኛ፣ ምሰሶው ነው። የፋይበር ግላስ ምሰሶ ርካሽ ነው፤ ሲሰበር ግን ተሰንጥቆ ጨርቁን ይቀዳል። የአሉሚኒየም ምሰሶ ብዙውን ጊዜ ይጎብጣል እንጂ ፈጥኖ አይሰበርም። ለማንኛውም ምሰሶው የሚገባበትን ጣት የሚያህል አጭር የብረት ቱቦ መያዝ ብልህነት ነው። የተሰበረውን ቦታ በቱቦው ውስጥ አስገብቶ ጠግኖ ማደር ይቻላል።

ለቤተሰብ፦ ድንኳን ወይስ ሸራ?

የአደጋ ጊዜ መጠለያ ከተጓዥ መጠለያ ይለያል። ስፊር በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መመሪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል እንዲኖር ያሳስባል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤተሰብ 21 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያህል የእርዳታ ድርጅቶች የቤተሰብ ድንኳን ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ነው። መኪና ካላመጣው በስተቀር በጎርፍ ሌሊት ማንም ይዞት አይሸሽም። የተጓዥ ድንኳን ደግሞ ይቀልላል እንጂ ለስድስት ሰው አይበቃም።

በሁለቱ መካከል ያለው ሸራ ነው። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት በአደጋ ጊዜ የሚያድሉት መደበኛ ሸራ 4 ሜትር በ6 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ተማሪዎቼን እንደማደርገው እስኪ ይህን እናስላ። 6 ሜትሩን በገመድ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ብናጥፈው በግራና በቀኝ 2፣ 2 ሜትር ይወርዳል። በ45 ዲግሪ ቢወጠር የወለሉ ስፋት 2.8 ሜትር፣ የመሐሉ ቁመት 1.4 ሜትር ይሆናል። 2.8 በ6 ሲባዛ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ይህም አምስት ሰውን ለመያዝ የቀረበ ነው። እንግዲህ እንደ እኛ ለስድስት ሰው አንዱ ለጣሪያ፣ ሌላው ለወለል፣ ለጎንና ለመጋረጃ የሚሆን ሁለት ሸራ ያስፈልጋል። ሁለቱን አዋቂዎች አንድ አንድ ቢይዙት ልጅ ለማቀፍ አንድ እጅ ይተርፋቸዋል።

መጋረጃውን እንደ ቅንጦት አንቁጠረው። በአደጋ ጊዜ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰብ የሚያጠቡ እናቶችና ወጣት ሴት ልጆች የሚለብሱበት፣ የሚታጠቡበትና የሚያርፉበት የተከለለ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። አንድ የአልጋ ልብስና ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ይህን ጉዳይ ይፈታሉ።

ከብር የሚመስል ስስ የአደጋ ጊዜ መጠቅለያም አለ። ክብደቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በኪስ ይያዛል። የሰውነትን ሙቀት ወደ ሰውነት በመመለስ ይረዳል እንጂ በቀላሉ ስለሚቀደድ መጠለያን አይተካም።

አወጣጠሩን ማወቅ

ከዚያች ሌሊት በኋላ የተማርኩት ዋናው ነገር ሸራ መግዛት ግማሹ ሥራ መሆኑን ነው። ቀሪው ግማሽ ገመድና እጅ ነው።

ገመድ የሚታሰረው ሥር በሰደደ ጠንካራ ዛፍ ላይ ነው። በእኛ አገር ማንጎ ጥሩ ነው። የሙዝ ግንድ ግን ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ውኃ ያዘለ እንጂ እንጨት አይደለም፤ ሥሩም አይጠልቅም። ጠንካራ መስሎ የሚታይ ነገር ሁሉ እንደማይደገፉበት እኔ በውድ ዋጋ ተምሬያለሁ።

ሸራው ዝርግ ሆኖ መሐሉ እንዲሰምጥ መተው አይገባም። ውኃ ያቆራል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ትንሽ ኩሬ ብቻ ጣሪያውን ይጥለዋል። በደንብ ማዘንበል አለበት። ዝቅ ያለው ወገን ነፋስ ወደሚመጣበት ይዞራል።

የሸራው ቀለበት ቢበጠስ ክብ ጠጠር ከጫፉ ሥር አስገብቶ ሸራውን በጠጠሩ ላይ እንደ ቁልፍ መጠቅለልና አንገቱን በሲባጎ ማሰር ነው። ይህ ቋጠሮ ሸራውን ሳይበሳ ከቀለበቱ የበለጠ ይይዛል።

ካስማ ቀጥ ብሎ አይመታም፤ አናቱ ከመጠለያው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ሆኖ ይመታል። መሬቱ አሸዋ ወይም ጭቃ ከሆነ ካስማው ይነቀላል። እንዲያ ሲሆን አፈር የሞላ ከረጢት ወይም ድንጋይ በገመድ አስሮ ከመሬት ውስጥ መቅበር ይሻላል።

ዝናቡ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከሸራው ጫፍ ወጣ ብሎ በገመዱ ላይ አጭር ሲባጎ ይታሰር። ውኃው በሲባጎው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አያልፍም። አጎበሩንም በዚያው የመሐል ገመድ ላይ መስቀል ይቻላል።

ቦታ መምረጥ

ጥሩ ድንኳን በመጥፎ ቦታ ከተተከለ መጥፎ ድንኳን ነው። እንደ ሐሬና ኩልፎ ያሉ ከጋሞ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች፣ በቆላው ዝናብ ባይኖርም፣ በደጋው ከዘነበ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። ስለዚህ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ለምኝታ ቢመችም ማደሪያ አይሆንም። የአባያና የጫሞ ዳርቻም እንዲሁ፤ በሐይቆቹ አዞ አለ፤ ጉማሬም በሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኞች በሌሊት ሲያርፉ ከመንገዱ ገለል እንዲሉ፣ መንገዱ በሌሊት የአውሬዎችና የተንቀሳቃሾች መተላለፊያ መሆኑን አስተምረዋል። በመድረሳ ይህን ስንቀራ እንደ ጥንት ነገር እንሰማው ነበር። የጉማሬ ዱካ ላይ ድንኳን ለመትከል ያሰበ ወጣት ግን ዛሬም የሚያስፈልገው ምክር መሆኑን ይረዳዋል።

ከሁሉ በላይ ገደልና ቁልቁለት ያስፈራል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ከተሰበሰቡት መካከልም ብዙዎቹ በሚቀጥለው ናዳ ተቀብረዋል። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ኮረብታ ሥር፣ መሬት የተሰነጠቀበት ቦታ ወይም ዛፎች ወደ ታች ያዘነበሉበት ቁልቁለት አጠገብ መጠለያ አይሠራም፤ ለአንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን።

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአፋር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሰውን የሚገድለው የሚወድቀው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ሸራና ሰሌን ቢወድቁ ግን ሰውን አይገድሉም። የቀላል መጠለያ ሌላው ጥቅሙ ይኸው ነው።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቂብላን በብርሃን ሳሉ መለየት አይዘንጋ። ከአርባ ምንጭ አካባቢ መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ባዘነበለ አቅጣጫ ናት። በጨለማና በጉም የሚፈለግ አቅጣጫ ያደክማል።

እሳትና ድንኳን

ሚያዝያ 7 ቀን 1989 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት ሚና ላይ የተነሳው የእሳት ቃጠሎ 70 ሺህ ያህል ድንኳኖችን አውድሟል፤ ከ340 በላይ ሑጃጆችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በኋላ የሚና ድንኳኖች ከመስታወት ክር በተሠራና በቴፍሎን በተለበጠ፣ እሳትን በሚቋቋም ጨርቅ ተተክተዋል። በገበያ ላይ የሚገኘው የእኛ ናይሎንና የላስቲክ ሸራ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። በቅጽበት ይቀልጣል፤ የቀለጠውም በሰው ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ስለሆነም ምግብ የሚበስለው ከመጠለያው ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ከሚሄድበት ወገን ነው። ሻማና ኩራዝ ወደ ድንኳን አይገቡም፤ ባትሪ ይበቃል። ከሰል ደግሞ ሌላ ጠላት አለው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ለሙቀት ተብሎ የሚገባ የከሰል ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ከመኝታ በፊት እሳት እንዲጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ትምህርት በድንኳን ውስጥ ከቤትም ይበልጥ የሚሠራ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ከረጢት

ዛሬ በቤታችን በር አጠገብ በምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ከረጢት አለ። የተሰቀለው ምስጥም አይጥም እንዳያገኘው ነው። በውስጡ የሚከተሉት ይገኛሉ፦

ሁለት ሸራ፤ 20 ሜትር ጠንካራ ገመድና አንድ ጥቅል ሲባጎ፤ ስምንት የብረት ካስማ፤ አንድ ሰፊ አጎበር፤ ባትሪና ትርፍ ድንጋዩ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፤ ቢላዋ፤ ሳሙና፤ ለተቅማጥ የሚሆን የለምለም ዱቄት፤ የእናቴ መድኃኒት፤ የሁላችንም መታወቂያና የልጆቹ የልደት ማስረጃ ቅጂ በፌስታል ታሽጎ። ከአጠገቡ ንጹሕ ውኃ የያዘ ጀሪካን ይቀመጣል። የደጋው የጋሞ ሸማኔ የሠራው ጋቢና ቡልኮ ለደረቅ ብርድ የሚተካከለው የለም። ጥጥ ግን ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ስለዚህ ጋቢውም በላስቲክ ከረጢት ታስሮ መቀመጥ አለበት። ይህን ባውቅ ኖሮ ያች ሌሊት ለልጄ ሌላ ሌሊት ትሆን ነበር።

ሸራና ድንኳን ከተጠቀሙበት በኋላ ሳይደርቅ አይታጠፍም፤ ይሻግታል። ለወራት በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የከረመ የላስቲክ ሸራም በእጅ ሲነኩት ይፈረካከሳል። እህል አስጥተንበት፣ ከብት ከልለንበት ያረጀውን ሸራ ለክፉ ቀን እናስቀምጠው ማለት ራስን ማታለል ነው።

በብርሃን መለማመድ

ውድ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች! ምንም ዓይነት መጠለያ ብትገዙ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ከምትፈልጉት ሌሊት በፊት በግቢያችሁ ውስጥ በቀን ትከሉት። ከዚያ በማታ ያለ መብራት ሞክሩት። ከዚያ ደግሞ ልጆቻችሁ ብቻቸውን እንዲሞክሩት አድርጉ። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት እንደሚገባ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ማሰሩ ግን ቋጠሮ ማወቅን ይጠይቃል፤ ቋጠሮም በጨለማና በዝናብ አይለመድም።

እኛ አሁን በልግ ከመግባቱ በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ ሸራውን ይወጥራል። ባለቤቴ ገመዱን፣ ትልቁ ልጄ ካስማውን ይይዛል። እናቴ በሰሌን ላይ ተቀምጣ ትመለከትና የላላውን ወገን በከዘራዋ ታመለክታለች። ጠጠር ፈልጎ በሸራው ጫፍ ላይ የማሰሩ ሥራ ደግሞ ያን ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ያደረችው የትንሿ ልጄ ነው። ባለፈው ጊዜ ሥራዋን ስትጨርስ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ሸራው አልወደቀም።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «ይኸኛው ማንጎ ነው አይደል?»

አላህ ቤታችንንም ቤታችሁንም ከክፉ ነገር ይጠብቅ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።